ስሜን አትጻፍ ያሉኝ ቀራፂ

ባለፈው እትም በዚህችው በተባዛች መጽሔታችን አንድ ጓደኛችን ስለ ከተማችን አደባባዮች የጻፈውን ሁላችሁም ሳታነቡት አልቀራችሁም። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ቁጣውም የሚገባ ቁጣ ነው። ነገር ግን ከመካከሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጎ አልፏል፤ ይኸውም ጎንደር ግንበኛና ሠዓሊ እንጂ ቀራፂ አላፈራችምና ሐውልት ባስፈለገን ቁጥር ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ማዶ ማስመጣት ግዴታችን ነው የምትል ናት። ይህችን ዓረፍተ ነገር እኔ አልቀበላትም። የማልቀበላትም በመጽሐፍ ያነበብሁት ነገር ስላለ አይደለም፤ ሃያ ብር አስቀንሼ የገዛሁት አንድ የሸክላ ምስል በዶርሜ መስኮት ላይ ተቀምጦ ዘወትር ስለሚያየኝ ነው።

ጓደኛችንን ፈጽሞ ተሳስቷል ልለው አልፈልግም። በአገራችን ራሱን ችሎ የቆመ፣ ዙሪያውን ዞረው የሚያዩት የሰው ምስል በቤተ ክርስቲያን በኩል ቦታ እንዳልነበረው የታወቀ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ወደ ጣሪያው ቀና ያለ ሰው ቁልቁል የሚመለከቱትን የመላእክት ፊቶች አይቷል፤ ሥዕል እንግዲህ እስከዚያ ድረስ ተፈቅዷል። ሐውልት ግን ጣዖት ይመስላል ተብሎ ተፈራ። በላሊበላ ቤተ ጎልጎታ ቅዱሳኑ ከግድግዳው ተፈልቅቀው ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ቆመዋል፤ ጀርባቸውን ግን ዓለቱ እንደ ያዘው ነው። እኔ እነርሱን ባሰብሁ ቁጥር ጠራቢው «ከዚህ በላይ አልሄድም» ብሎ መሣሪያውን ያስቀመጠ ይመስለኛል። ስለዚህም ዘመኑ ደርሶ ነገሥታቱ ሐውልት ሲያምራቸው ሠሪውን ከውጭ ጠሩ። በ1923 ዓ. ም. በንግሥ በዓሉ ዋዜማ የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የጀርመኖች ሥራ ነው። የየካቲት 12 ሰማዕታትን ሐውልት የሠሩት ሁለት ዩጎዝላቮች፣ አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች ናቸው። ደርግም በ1977 ዓ. ም. «ትግላችን» ብሎ የሰየመውን ያቆመው በሰሜን ኮሪያ ሰዎች እርዳታ ነው።

በአገር ልጅ እጅ የተሠራ ትልቅ ሐውልት የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። እርሱም ቢሆን ሠሪውን ከማስታወስ አላዳነንም፤ ማለቴ፣ ከመርሳት አላዳነንም። ሐረር ላይ በፈረስ ተቀምጦ የነበረውን የራስ መኰንንን ሐውልት የሠሩት የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ነበሩ። በሰኔ 2012 ዓ. ም. በሁከቱ ጊዜ ሐውልቱ ሲወድቅ ስለ ራስ መኰንን ያልተከራከረ ሰው አልነበረም፤ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ሲፎክር ሰማን። «የአፈወርቅ እጅ ሥራ ተሰበረ» ሲል የሰማሁት ሰው ግን አንድ እንኳ የለም። በየካቲት 2011 ዓ. ም. ደግሞ በአፍሪካ ኅብረት ግቢ የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት ተመረቀ። ባለፈው ሳምንት በካፌ ከእኔ ጋር ምሳ የሚበሉትን ልጆች ማን እንደ ሠራው ጠየቅኋቸው። ማን እንደ መረቀው አወቁ፤ የትኞቹ መሪዎች በሥፍራው እንደ ነበሩም አንደኛው ቆጠረልኝ። በሞስኮ ተምረው የተመለሱት፣ በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማሩትና ትምህርት ቤቱንም የመሩት በቀለ መኮንን መሆናቸውን ግን ከጠረጴዛው አንድም አላወቀ። እኔም ብሆን ያወቅሁት በዚያው ሰሞን ነው፤ ልታበይ አልችልም።

ታዲያ የዓለም ሎሬት የተባለውንና ሞስኮ የተማረውን እንዲህ ከረሳን፣ አፈር ላይ ተቀምጣ የምትሠራውን ሴት እንዴት እናስታውሳታለን? ጓደኛችን ጎንደር ቀራፂ የላትም ያለው ስለ ሌላት አይደለም። ቀራፂ ማለት ካፖርት የለበሰና ዲፕሎማ ያለው ወንድ ነው ብሎ ስላሰበ ነው።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ሄዱ ወለቃ ይገኛል። ጎብኚ የሚያውቀው «የፈላሾች መንደር» ብሎ ነው፤ ስሙ ውስጡ ስድብ ስላለበት ባለቤቶቹ ቤተ እስራኤል መባልን ይመርጣሉ፤ እኔም ከዚህ በኋላ እንደዚያው እላለሁ። ቤተ እስራኤል በዚህ አገር ርስት ያልነበራቸው ሕዝብ ናቸው። መሬቱን ማን እንደ ነጠቃቸው የሚነገረው ታሪክ እስከ ዐፄ ይስሐቅ ዘመን ወደ ኋላ ይሄዳል። መሬት የሌለው ሰው የሚተርፈው እጁ ብቻ ነውና ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፤ በጎንደር ነገሥታት ዘመንም ግንበኞችና አናጢዎች ሆነው እንዳገለገሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። እኛ ደግሞ በሠሩልን ማረሻ አርሰን፣ በሠሩልን ምጣድ ጋግረን፣ በሠሩልን ጀበና ቡና አፍልተን ስናበቃ ቡዳ አልናቸው።

ያች ሸክላ ሠሪ ከምጣዱና ከድስቱ ጎን ትንንሽ የሰውና የእንስሳ ምስል መሥራት የጀመረችው መቼ ነው? ነገሩን ያጠኑ ሊቃውንት ምስሎቹ በብዛት መሠራት የጀመሩት ባለፈው ምዕተ ዓመት የውጭ እንግዶች መግዛት ከጀመሩ ወዲህ እንደ ሆነ ያመለክታሉ። ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በአንድ አልጋ፣ ኮከብ ያለበት አንበሳ፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ እንስራ ያዘለች ሴት፤ ከዚህ ሰፈር ያልሄዱበት አገር የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ሠሪዎቹ ራሳቸው ሄዱ። በ1977 ዓ. ም. ብዙዎች በሱዳን በኩል ወጡ፤ በዚያም መንገድ ብዙ ሰው አለቀ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ. ም. ደግሞ ከ14 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ በሁለት ቀን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓዘ። ወለቃ ሰዎቿ ሄዱባት። ሸክላው ግን አልሄደም።

እኔ የማውቃቸው ሴት የቀሩት ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ይጠጋል፤ የክርስቲያን ገበሬ ልጅ ናቸው። ወለቃ የመጡት በጋብቻ ነው። በልጅነታቸው የእንጨትና የኩበት ሸክም እየተሸከሙ ይሸጡ ነበር፤ ከደንበኞቻቸውም አንዷ ጎረቤት የሆኑ አሮጊት የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪ ነበሩ። አሮጊቷ የአባቶቻቸውን ሥርዓት አጥብቀው የሚይዙ ስለ ነበሩ ከሌላ ሃይማኖት ሰው ጋር አይነካኩም፤ «አትንኩኝ» የሚባለው ልማድ በዚያን ጊዜ እየላላ ቢሄድም እሳቸው ዘንድ አልላላም ነበር። ኩበቱ ከአጥሩ ሥር ይቀመጣል፤ ገንዘቡ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ልጅቱ ገንዘቡን አንሥታ ግን አትሄድም፤ ቆማ ታያለች።

«እጄን ይዘው አላሳዩኝም» አሉኝ። «እንደምን ብለው ይያዙኝ? በዓይኔ ነው የተማርሁት። እሳቸው ጭቃውን ሲያዞሩ እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ በባዶ እጄ አዞራለሁ። አንድ ቀን አይተውኝ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ፊታቸውን ወደኔ አድርገው መሥራት ጀመሩ።»

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እኛ አራት ዓመት ተመዝግበን፣ በፕሮጀክተር እየታየልን፣ የማንማረው ብዙ ነገር አለ።

በ1982 ዓ. ም. አሮጊቷ እንደ ብዙዎቹ የጎንደር ቤተ እስራኤል ወደ አዲስ አበባ ወረዱ፤ በዚያው ሄዱ። ሊሄዱ ሲሉ ሸክላ የሚያለሰልሱበትን ድንጋይ አጥሩ ላይ አስቀመጡት። ለማን እንደ ተቀመጠ አልተናገሩም። ድንጋዩን አየሁት፤ ከእንቁላል ያነሰ፣ ጥቁር፣ በአንድ በኩል እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ነው። ሁለት ሴቶች ዕድሜያቸውን ሙሉ አሽተውታል።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ታሪካቸው ረጅም ነው፤ አሳጥሬ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ምጣድና ድስት ብቻ ይሠሩ ነበር። ምስል መሥራት የጀመሩት የቆዩት ጎብኚዎች ተመልሰው መጥተው «የሚሠሩት የት ሄዱ?» ሲሉ በሰሙ ጊዜ ነው። ባላቸው አልከለከሉም፤ የባላቸው ዘመዶች ግን «ጠይብ አገባህ» እያሉ ሁለት ዓመት ያህል ከቤታቸው እህል አልቀመሱም። በኋላ ሸክላው የልጆቹን የትምህርት ቤት ደብተርና ልብስ ሲገዛ፣ የቤቱን ቆርቆሮም ሲያለብስ፣ ዘመዶቹ ተመልሰው መጡ፤ በሉም። «ሲርባቸው ቡዳው ጠፋ» ብለው ሳቁ።

አሠራሩን ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ጽሑፌ ጉድለት ይኖርበታል፤ ብዙዎቻችን ጭቃ አድበልብሎ እሳት ላይ መጣል ይመስለናልና። አፈሩ ከጉድጓድ ይቆፈራል፤ ይደርቃል፤ ይወቀጣል፤ ይነፋል። ብቻውን ከተሠራ ስለሚሰነጠቅ የተሰበረ ሸክላ ገል ተፈጭቶ ይገባበታል። (ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚለው ተረት ለሌላ ነገር የተተረተ ነው፤ ነገር ግን ገሉም ቢሆን እንደማይጣል ያኔ ነው የገባኝ።) ከዚያ ይቦካል፤ ያድራል፤ እንደገና ይታሻል። እጅ፣ ራስና እግር ለየብቻ ተሠርተው የሚገጠሙበት ጊዜ አለ፤ መጋጠሚያው ካልረጠበ እሳቱ ውስጥ ይለያያል። ወፈር ያለው ምስል ውስጡ ክፍት መሆን አለበት፤ እርጥበት ታፍኖ የቀረበት እንደ ሆነ ይፈነዳል፤ ሲፈነዳም አጠገቡ ያሉትን ይዞ ነው። ከፀሐይ ሳይሆን ከጥላ ይደርቃል። ግማሽ ሲደርቅ በዚያ ድንጋይ ይታሻል። በመጨረሻም ኩበትና እንጨት ተደርጎበት በሜዳ ይቃጠላል፤ እሳቱ ሲበርድ ጭድ ተጨምሮበት ጢሱ ሲታፈን ያ የምናውቀው ጥቁር ቀለም ይመጣል። አንድ ሰው ሰባት ቀን የደከመበት ነገር በአንዲት ሰዓት ውስጥ ገል ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የቤተ ሙከራ ሪፖርቱ ሳይወጣለት ቀርቶ ሳምንት የሚያኮርፍ ተማሪ ይህን ቢያይ መልካም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። ቀራፂ የምንለው ከቀረፀ ነው፤ የሚቀርፅ ሰው ከድንጋይ ወይም ከእንጨት እያነሣ፣ እየቀነሰ ይሄዳል። እኒህ ሴት ግን አይቀንሱም፤ ይጨምራሉ፤ ከምንም ተነሥተው ወደ ምስሉ ይሄዳሉ። ለዚህ ሥራ «ሠራ» ከማለት በቀር የተለየ የክብር ስም አላወጣንለትም፤ ከሠራም «ሠሪ» ብለን ከሸክላ ጋር አጣብቀን ስድብ አደረግነው። ሆኖም የቆየ ቃል አለን። አዳም ከአፈር በተሠራ ጊዜ መጽሐፋችን የተጠቀመበት ቃል አበጀ የሚል ነው። ባለ እጅን የሚንቅ ክርስቲያን ጎንደሬ እሑድ እሑድ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያስብ ልጠይቀው እወድ ነበር።

ሥራዎቻቸውን በተመለከተ ሁሉም ድንቅ ነው ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። አንበሶቹ ደካሞች ናቸው። አንበሳ አይተው አያውቁም፤ ፊቱ የበግ፣ ጎፈሩም የተጠቀለለ ጥምጥም ይመስላል፤ አንድ ቀን የሠሩት ከሌላው ቀን አይለይም። እሳቸውም አይክዱም፤ «አንበሳውን እጄ ነው የሚሠራው፤ እኔ ያን ጊዜ ስለ ወጥ አስባለሁ» ብለውኛል። ሰሎሞንና ሳባም እንዲሁ ናቸው፤ ከአንድ ብርድ ልብስ የወጡ ሁለት ራሶች፣ እንቅልፍ የላቸውም፣ ፍቅርም የላቸውም።

ሴቶቹን ሲሠሩ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ወፍጮ ላይ የተንበረከከች አንዲት ሴት አለች፤ ቁመቷ ከጣቴ እስከ አንጓዬ ቢሆን ነው። ፊቷ አይታይም፤ ወደ ድንጋዩ አጎንብሳለች። ነገር ግን ከጀርባዋ ብቻ የደከመች መሆኗን ታውቃላችሁ፤ ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ዝቅ ብሏል፤ ወገቧ ላይ ያለው መቀነት ጠብቋል፤ የእግሯ ጣቶች መሬቱን ቆንጥጠዋል። እንዲህ ያለውን ከመጽሐፍ አይማሩትም። ሌላዋ ደግሞ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ የተቀመጠች ለቀስተኛ ናት። እርሷን ስጠይቅ «አትሸጥም» አሉኝ። ማን እንደ ሆነች አልጠየቅሁም። በቅርብ ዓመታት ከዚህ አገር ብዙ ለቅሶ አልፏልና መጠየቅም አያስፈልግም ነበር።

አንዳንድ አንባብያን «ይህ የጎብኚ ዕቃ ነው፤ ለገንዘብ የተሠራ ነገር ጥበብ አይባልም» ይሉኝ ይሆናል። ይህን ክርክር እኔም በክፍላችን ሰምቼዋለሁ፤ ከእኔ የሚበልጡ ሰዎችም ይከራከሩበታል። ነገር ግን እስቲ ለአፍታ እናስብበት። የንጉሥ ሐውልት ትእዛዝ አይደለምን? መንግሥት አዝዞ፣ ኮሚቴ ለክቶ፣ በጀት ተፈቅዶለት የሚቆም ነገር ነው። ቀራፂው ጺሙ እንዲረዝም ቢፈልግ ኮሚቴው ያሳጥረዋል። የወለቃዋ ሴት ኮሚቴ የላትም፤ ያለባት የጎብኚው ዓይን ነው፤ ጎብኚው አንበሳ ይፈልጋል፣ አንበሳ ትሠራለች። ከተረፋት ጭቃና ከተረፋት ቀን ግን ወፍጮ ላይ ያለችውን ሴት ትሠራለች። እኔ የማውቀው ጥበብ ሁሉ የመጣው ከዚህ ከትርፉ ነው።

ይልቅስ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለእርሱም የተሟላ መልስ የለኝም። ክርስቲያኗ ሴት የቤተ እስራኤልን ኮከብ አንበሳው ላይ ስታደርግ የሌላውን ሰው ማኅተም መስረቅ አይሆንምን? ባለቤቶቹ በስድብ ተሸኝተው ሲያበቁ እኛ በስማቸው መነገዳችን ደስ አይልም። ይህንን ለእሳቸው በፍርሃት አነሣሁባቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ድንጋዩን አጥሩ ላይ የተዉት እንድወረውረው ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። መልሱ ለኮከቡ ይበቃል አልልም። ለእጁ ግን ይበቃል።

አሁን ገበያው የለም ማለት ይቻላል። በ2012 ዓ. ም. የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ በ2013 ዓ. ም. የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ፤ ከነሐሴ 2015 ዓ. ም. ወዲህ ደግሞ በክልላችን የሆነውን ለእናንተ መንገር አያሻኝም። በጥምቀት የሚመጣው እንግዳ እንደ ድሮው አይደለም፤ በሌላው ወራትማ መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ ጎብኚ ከየት ይመጣል? መደርደሪያቸው ላይ አቧራ የጠጡ አንበሶች ሞልተዋል። እኒህ ሴት ወደ ምጣድ ተመልሰዋል። ምጣዱንም ቢሆን የኤሌክትሪኩ ምጣድ ገበያውን ወስዶበታል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። መጀመሪያ የሄድሁ ጊዜ ሁለት መቶ ብር ያሉኝን ምስል መቶ ሰማንያ ካላደረጉልኝ ብዬ ተከራከርሁ። ሃያ ብር በካፌ ሻይ ብትሆን ነው። ከፍዬ ከወጣሁ በኋላ ምስሏን ገልብጬ ሳይ ከሥሯ የአውራ ጣት አሻራ አየሁ። ተመልሼ «ይህ ምንድር ነው?» አልኋቸው። ከእሳት ሲወጣ ከሌሎቹ ሴቶች ዕቃ እንዳይቀላቀልባቸው ነው አሉኝ። ብዙዎቹ በአንድ ላይ ስለሚያቃጥሉ እያንዳንዷ የየራሷ ምልክት አላት፤ አንዷ በጥፍሯ ጭረት፣ አንዷ በገለባ ቀዳዳ። እንግዲህ ፊርማው ድሮም ነበር ማለት ነው፤ የማናነበው እኛ ነን።

ያን ጊዜ ስለ እሳቸው በመጽሔታችን ልጽፍ እንደምፈልግ ነገርኋቸው። ደስ አላቸው፤ ቡናም አፈሉልኝ። ስማቸውንና የአባታቸውን ስም በማስታወሻዬ ከጻፍሁ በኋላ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ስሜን አትጻፍ» አሉ። ለምን ብዬ ብጠይቅ ትንሹ ልጃቸው ሚስት ሊያጭ ነው። የልጅቱ ቤተሰቦች ከወደ ዳባት በኩል ናቸው፤ የልጁ እናት ምን እንደምትሠራ ገና አልሰሙም። «ታገባለት፣ ትውለድለት፤ ከዚያ ትጽፈዋለህ» አሉኝ።

ይህ እንግዲህ በዘመናችን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው እየጠሩ መሳደብን በዐዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። ዐዋጁ ከወለቃ አልደረሰም ብለን በገበሬ ላይ እንዳንስቅ ደግሞ ከግቢያችን የማውቀውን ልጨምር። አንዲት ተማሪ አለች፤ ጎበዝ ናት፤ ከየት እንደ ሆነች አልናገርም። እናቷ ምን እንደሚሠሩ ሲጠይቋት «ነጋዴ ናት» ትላለች። አንድ ቀን በዶርማቸው አንዷ ልጅ ታማ ስትወራጭ ሌሎቹ ቀስ ብለው ዕቃቸውን ከዚህችኛዋ አልጋ አጠገብ አነሡ። ማንም ምንም አልተናገረም። የሕክምና ተማሪዎችም ነበሩባቸው። እርሷም አልተናገረችም፤ በሁለተኛው ሳምንት መኝታ ለወጠች።

ከፒያሳ አደባባይ የቆሙት ዐፄ ቴዎድሮስ የኮሶ ሻጭ ልጅ እየተባሉ ተሰድበው ነበር። ብረት ሠሪን የወደዱ፣ በጋፋት ባለ እጆችን ሰብስበው ሴባስቶፖልን ያሠሩ ንጉሥ ናቸው። (ጎንደርን በ1859 ዓ. ም. ያቃጠሉም እሳቸው ናቸው፤ ይህን ያነሣሁት ጎንደሬ ቂሙን ረስቶ ሐውልት የማቆም ችሎታ እንዳለው ለማሳየት ነው፤ ባለ እጅ ላይ ያለውንም ሊረሳ ይችላል።) የዚያን ሐውልት ሠሪ ስም ከእናንተ መካከል የሚያውቅ ካለ ለመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል ይላክልን፤ በሚቀጥለው እትም በትልልቅ ፊደል እናውጣው።

ለተማሪዎች ኅብረታችን የማቀርበው ሐሳብ ትልቅ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በየዓመቱ መጨረሻ ለስፖርተኞች፣ ለገጣምያንና ለተከራካሪዎች የምንሰጠው ወርቅ የተቀባ የፕላስቲክ ዋንጫ ከሩቅ አገር ተጭኖ የሚመጣ ነው፤ ከክረምት በኋላ ቀለሙ ይላጣል። በዚያው ገንዘብ ከወለቃ ሴቶች ምስል እንዘዝ። አንበሳ አንዘዝ፤ የሚወዱትን እንዲሠሩ እንተዋቸው። ዋጋውን እነርሱ ይናገሩ፤ እኛ አንከራከር። ከሥሩ ምልክታቸው ይኑር፤ ስሜን ጻፉ ያለችውን ስሟን በወረቀት አድርገን ከሽልማቱ ጋር እንስጥ፤ አትጻፉ ያለችውን አንጻፍ። ቤተ መጻሕፍታችንም አንድ መደርደሪያ ቢለቅልን ከየሴቲቱ አንዳንድ ሥራ ይቀመጥበት፤ የእንስራው፣ የጀበናውና የምጣዱም ሥራ አብሮ ይቀመጥ፤ ከምስሉ ያነሰ ነገር አይደለምና። ከዚህ ቀደም በወለቃ ሴቶችን በእጅ ሙያ ለማሠልጠን የተቋቋመ ማዕከል ስላለ የሚያግዘን ሰው አናጣም።

ጓደኛችን ደግሞ ቅር ካላለው በመጪው ቅዳሜ አብረን እንሂድ። እኔ ሃያ ብሩን ልመልስ ስለምሄድ የታክሲውን እከፍላለሁ። ይቀበሉኛል ብዬ ግን አላምንም፤ ቢቀበሉኝም ቡና አፍልተው ያስወጡኛል።

ኅብረቱ ሐሳቡን የሚቀበል ከሆነ ቢዘገይ እስከ ሚያዝያ ድረስ ይንገረኝ። ክረምት ከገባ ጭቃው አይደርቅም ብለዋል፤ ኩበቱም ይረጥባል።